ከባዱን አልበም ቁጭ ብሎ መስማት

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ በነበረን የሙዚቃ ወዳጆች መሰባሰቢያ ያደረግሁት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻላችሁ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ከቀረጻው ላይ ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ። ብዙም አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ! እንኳን ደህና መጣችሁ!

በዚህ ብርድ ጋቢና ጃኬት ደራርባችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከመሐል ሜዳ በጠዋት ተነስተው የመጡ ልጆች አሉ። ከደብረ ሲና ዳገቱን ወጥተው የመጡም አሉ። ከፊት የተቀመጣችሁ አባቶችና እናቶች ደግሞ «ይሄ የወጣቶች ነገር ነው» ብላችሁ አልቀራችሁም። እግዜር ያክብርልኝ።

ለማታውቁኝ፣ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ትውልዴ መንዝ ነው። ሙዚቀኛ አይደለሁም። አዳማጭ ነኝ። ዛሬም የምናገረው እንደ አንድ አዳማጭ ነው።

የማወራው ስለ አንድ አልበም ነው። ስለ አንድ ብቻ። ባንዱ ኦፔዝ ይባላል። ስዊድኖች ናቸው፣ የስቶክሆልም ልጆች። አልበሙ «ብላክዋተር ፓርክ» ይባላል። በፈረንጆቹ 2001 ነው የወጣው፤ አምስተኛ አልበማቸው ነው። ስምንት ትራክ አለው። ሙሉው 67 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። ፕሮግረሲቭ ሜታል ከሚባለው ወገን ነው፤ ሜታል ማለት ከባዱ የሮክ ሙዚቃ ነው። ከባድ ነው። ውስብስብ ነው። አንዱ ዘፈን አሥር ደቂቃ ይሄዳል። ቶሎ ተይዞ አብሮ የሚዘፈን አዝማች የለውም። ዘፋኙ አንዴ ያጓራል፣ አንዴ ደግሞ ለስለስ ባለ ድምፅ ያዜማል።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ለምን ቁጭ ብሎ ይሰማል? ምኑን ነው የሚወድለት? ይህን ጥያቄ ስንት ሰው ጠይቆኛል መሰላችሁ! ጎረቤት ይጠይቀኛል። የሥራ ባልደረባ ይጠይቀኛል። ተማሪዎቼ ይጠይቁኛል።

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። የዚህ አልበም ክብደት የሚመጣው ከጩኸቱ ሳይሆን ከጸጥታው ነው። ጩኸቱ የሚከብደው ከጎኑ ጸጥ ያለ ነገር ስላለ ነው። ጸጥታው የሚያስፈራው ደግሞ ጩኸቱ ሊመለስ እንደሚችል ስለምታውቁ ነው። ሁለቱን አብሮ ያልሰማ ሰው አንዱንም አልሰማም። የምለው ይህንኑ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉም ባወራ ወደዚሁ ነው የምመለሰው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ይሄ ሻካራ የጊታር ድምፅ ከየት መጣ? ሁለተኛ፣ ሰውዬው ምን ሆኖ ነው የሚያጓራው? ሦስተኛ፣ አልበሙ እንዴት ነው የሚደመጠው? ሦስተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

እሺ። ከጊታሩ ልጀምር።

የዚህ ሙዚቃ ታሪክ ፋብሪካ ውስጥ ያልፋል። ይህን እዚህ ከተማ ላይ ቆሜ መናገሬ ደስ ይለኛል። ከመካከላችሁ የሌሊት ሽፍት ጨርሳችሁ፣ ትንሽ እንኳ ሳትተኙ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም የምትባል የፋብሪካ ከተማ አለች። ቶኒ አዮሚ የሚባል ልጅ እዚያ የብረት ቆርቆሮ በሚቆረጥበት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ዕድሜው 17 ነው። ጊታር ይጫወታል። ሥራውን ሊለቅ የመጨረሻ ቀኑ ነው። በዚያች ቀን ማሽኑ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ልጁ ግራኝ ነው። ግራኝ ጊታሪስት ደግሞ ክሩን የሚጫነው በቀኝ እጁ ጣቶች ነው። አስቡት እንግዲህ!

ምን አደረገ? ፕላስቲክ አቀለጠ። ለጣቶቹ ጫፍ የሚሆን ቆብ ሠራ። ቆዳ ለጠፈበት። ቀጫጭን ክር ፈልጎ ጊታሩ ላይ አሰረ። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ክሮቹን አላላቸው፤ የላላ ክር ለተጎዳ ጣት አይከብድም። ክር ሲላላ ግን ድምፁ ይወርዳል፣ ይወፍራል። የአዮሚ ባንድ ብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበሙን በ1970 አወጣ። ሄቪ ሜታልን አብዛኛው ሰው የሚቆጥረው ከዚያ ነው። የዛሬው አልበማችን ከዚያ 31 ዓመት በኋላ የመጣ ነው። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ያ ወፍራም ድምፅ የመጣው «ከእንግዲህ አትጫወትም» ከተባለ ሠራተኛ ጣት ነው።

አሁን ትንሽ ፊዚክስ። አትፍሩ፣ ፈተና የለውም።

አምፕሊፋየር የጊታሩን ደካማ ሲግናል ያጎላል። ግን አቅሙ ወሰን አለው። ከወሰኑ በላይ ስትጭኑት የሞገዱን አናት ይቆርጠዋል። ክብ የነበረው ጉብታ ጠፍጣፋ ይሆናል። አናቱ የተቆረጠ ሞገድ ደግሞ ከዋናው ድምፅ በላይ ብዙ ተጨማሪ ድምፆች ይፈጠሩበታል። ሃርሞኒክ እንላቸዋለን። ጆሯችን ሻካራና ወፍራም አድርጎ የሚሰማው እነሱን ነው። ድምፁም ቶሎ አይሞትም። አንዴ የተመታ ክር ረጅም ጊዜ ይቆያል። ጊታሪስቶች ዲስቶርሽን የሚሉት ይህንን ነው። ለተማሪዎቼ የድምፅ ሞገድ የሚስል አፕ ስልኬ ላይ ከፍቼ አሳይቻቸዋለሁ። ለስላሳው ጊታር እንደ ሞገድ ይታያል፤ ሻካራው ደግሞ አናቱ ተላጭቶ ይታያል። በዓይናቸው ሲያዩት ክፍሉ ተቀወጠ!

አሁን ደግሞ መንዝ ልውሰዳችሁ።

አጎቴ በገና ደርዳሪ ነበር። በዐቢይ ጾም ማታ ማታ፣ ከሥራ ከገባ በኋላ፣ ኩራዝ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይደረድራል። የበገና አውታር አሥር እንደሆነ ታውቃላችሁ። አውታሮቹ ከታች በሚያርፉበት ብርኩማ ላይ፣ በየአውታሩ ሥር ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። እንዚራ ትባላለች። አጎቴ ከመደርደሩ በፊት ብዙ ጊዜ የሚፈጅበት እሷን ማስተካከል ነው። በጥፍሩ ገፋ ያደርጋታል። አውታሩን ነካ ያደርጋል። ጆሮውን ያስጠጋል። አሁንም አይሆንም። መለስ ያደርጋታል። እንደገና ነካ። እንደገና ገፋ። ከዚያ በሆነች ነጥብ ላይ አውታሩ «ዝዝዝዝ» ብሎ ይነዝራል። ያኔ ፊቱ ይፈታል። ወደሚቀጥለው አውታር ይሄዳል።

እኔ ልጅ ነኝ። ጥያቄ አበዛለሁ። «አጎቴ፣ ይቺ ቁራጭ ብትወጣስ?» አልኩት። አልተቆጣም። አንዷን አወጣና አውታሩን ነካልኝ። ቀጭን ድምፅ ሆነ። ባዶ ሆነ። «ሰማህ? ይሄ በገና አይደለም» አለኝና መልሶ አስገባት።

አያችሁ? በገና ሆን ተብሎ ድምፁ እንዲሻክር የተሠራ መሣሪያ ነው። የሚነዝረው በስህተት አይደለም። ያ ንዝረት ከዋናው ድምፅ በላይ ሌሎች ድምፆችን ይጨምርበታል፤ አምፕሊፋየሩ እንደሚያደርገው ማለት ነው። አባቶቻችን ይህን መሣሪያ የመረጡት ለምንድን ነው? ለጭፈራ ነው? አይደለም። ለንስሐ ነው። ሞትን ለማሰብ ነው። ለጾም ነው።

በገናና ሜታል አንድ ነው እያልኩ አይደለም። ማንም እንዲህ ብሎ እንዳይጠቅሰኝ። አንዱ ጸሎት ነው፣ ሌላው የመድረክ ሙዚቃ ነው። እኔ የማወራው ስለ ጆሮ ነው። በሻካራ ድምፅ ውስጥ ሐዘን ሊኖር እንደሚችል፣ ትዕግሥት ሊኖር እንደሚችል፣ ጸጥታ ሊኖር እንደሚችል የእኛ ጆሮ ያውቃል። ለዚህ አልበም እንግዶች አይደለንም።

ቅኝትም አለላችሁ። አንቺ ሆዬን የምታውቁ እጃችሁን አውጡ እስቲ። በጣም ጥሩ። አንቺ ሆዬ ውስጥ እጅግ የተጠጋጉ ድምፆች አሉ። ትዝታ ሆድ ያባባል፤ አንቺ ሆዬ ግን ሰቅዞ ይይዛል። የሚሰቅዘው ያ መጠጋጋት ነው። ኦፔዞችም በተጠጋጉ ድምፆች መካከል መመላለስ ይወዳሉ። ሁለተኛውን ዘፈን፣ «ብሊክ»ን፣ ስትሰሙ ልብ በሉት።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ሰውዬው ምን ሆኖ ነው?

እናቴ አንድ ቀን ቡና ልታፈላ ስትገባ ይሄ አልበም ተከፍቶ ደረሰች። ቆም አለች። አዳመጠች። «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ማን በድሎት ነው?» አለችኝ። ልብ በሉ፤ «ዝጋው» አላለችም። «ጆሮዬን አመመኝ» አላለችም። ማን በድሎት ነው ነው ያለችው! ቋንቋውን አታውቀውም። ግን ድምፁ ውስጥ በደል ሰማች። ከዚህ በላይ ምን ማዳመጥ አለ?

የዘፋኙ ስም ሚካኤል ኦከርፌልት ነው። ጊታርም ይጫወታል፤ አብዛኛውን ሙዚቃ የሚጽፈውም እሱ ነው። የሚያጓራውም፣ በዚያ ለስላሳ ድምፅ የሚያዜመውም ያው አንድ ሰው ነው። መጀመሪያ ስነግራቸው ብዙ ሰዎች አያምኑኝም።

ጉሮሯችን ውስጥ ለንግግርና ለዜማ የምንጠቀምባቸው ሁለት የድምፅ አውታሮች አሉ። ከእነሱ ከፍ ብሎ ሌሎች ሁለት እጥፋቶች አሉ። እንደወትሮው ስንነጋገር እነሱ ዝም ይላሉ። በዚህ አዘፋፈን ግን እነሱም ይነዝራሉ። ትንፋሹ ከሆድ ይገፋል። አንገቱን ገትሮ የሚጮህ ሰው ድምፁ ወዲያው ይዘጋል። አግባቡን የተማረ ግን ለዓመታት መድረክ ላይ ይሠራበታል። እሱ ባለበት ክፍል ውስጥ ብትቆሙ ደግሞ በማይክ የምትሰሙትን ያህል የሚጮህ አይደለም። ልጆች፣ አደራ፣ የሚያስተምራችሁ ሳታገኙ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት። ጉሮሮ መለዋወጫ የለውም።

አሁን ሁላችሁም በሆዳችሁ የያዛችሁትን ጥያቄ ላንሳ። «የሰይጣን ሙዚቃ አይደለም ወይ?»

ጥያቄውን አልንቀውም። የምንኖረው ቤተ ክርስቲያን በከበበው አገር ነው። በሜታል ዓለም ውስጥ ሃይማኖትን ሆን ብለው የሚሳደቡ ባንዶች አሉ። አይካድም። እነሱን አልሰማም፣ ለማንም አልጋብዝም። ይህ አልበም ግን የሚያወራው ስለ ሞት፣ ስለ መበስበስ፣ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ሐዘን ነው። ጨለማ ነው። ጨለማ መሆኑን አልደብቃችሁም። በጾም ዘፈን የማይሰማ ሰው ከፋሲካ በኋላ ይስማው። የንስሐ አባቱ «ተው» ያሉት ሰው አባቱን ይስማ። ከዚያ ውጭ ያለው ግን በስሙና በሽፋኑ ብቻ አይፍረድ። ሐዘንን በሐዘንነቱ የሚያቀርብ ሙዚቃ ያስፈልገናል። ሐዘን የሌለበት ቤት የለማ! ተደብቆ ከሚያድር ተሰምቶ ቢወጣ አይሻልም?

እሺ፣ ወደ ዋናው መጣን። እንዴት ነው የሚደመጠው?

መጀመሪያ ሻፍሉን፣ ዘፈኖቹን እያዘበራረቀ የሚያጫውተውን፣ አጥፉት። እለምናችኋለሁ፣ አጥፉት! ይሄ አልበም ቅደም ተከተል አለው። ሦስተኛው ዘፈን ሦስተኛ የሆነው በምክንያት ነው። ከዚያ ሰዓት ስጡት። ልብስ እያጠባችሁ፣ ቲክቶክ እያያችሁ አይሆንም። አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ለአንድ የኳስ ጨዋታ ሁለት ሰዓት እንሰጥ የለ?

ኢርፎን ደግሞ አትካፈሉ። ለምን እንደምል ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ከአንድ ተማሪዬ ጋር ወደ መሐል ሜዳ እየሄድን ነበር። ጣርማበር ላይ ከዋናው መንገድ ተገንጥለን ስንገባ ጉሙ መስኮቱን ዘጋው። ምንም አይታይም። ልጁ «መምህር፣ ያንን የሚሉትን አልበም እስቲ ያሰሙኝ» አለኝ። ስልኬን አወጣሁ። አንዷን ጆሮ እሱ ሰካ፣ ሌላዋን እኔ። ሽፋኑን አየና «ይሄ የት ነው? የእኛ አገር ነው እንዴ?» አለኝ። ሽፋኑ ላይ ጉም የዋጠው ጨለማ ዛፍ ነው ያለው። እውነቱን ነው፣ በዚያ ሰዓት በመስኮቱ የሚታየውና ስልኩ ላይ ያለው አይለይም ነበር።

ትንሽ እንደሄድን ልጁ «ጊታሩ አሁን ደስ የሚል ዜማ ይዟል» አለኝ። እኔ ጋ ግን ዜማ የለም። እኔ ጋ ያለው ጊታር ከሥር እየደለቀ ነው። ተለዋወጥን። አሁን እሱ ጋ ድለቃው፣ እኔ ጋ ዜማው። ልጁ ዓይኑ ፈጠጠ። «ሁለት ናቸው እንዴ?» አለ። አዎ፣ ሁለት ናቸው! ኦከርፌልትና ፒተር ሊንድግሬን። ሁለት ጊታሪስቶች ናቸው፤ አንዱ ወደ ግራ ጆሮ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ጆሮ ተደርገው ነው የተቀረጹት። አንድ ቦታ ተመሳሳይ ይመታሉ፤ ሌላ ቦታ ይለያያሉ፤ ተለያይተው ደግሞ ይገናኛሉ። በአንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው ከሁለት ሰዎች ጨዋታ የአንዱን ብቻ ነው የሚሰማው። ልጁን ሁለቱንም ጆሮ ሰጥቼው እኔ ጉሙን ሳይ ቀረሁ። መሐል ሜዳ እስክንደርስ አልመለሰልኝም።

እንግዲህ አልበሙን አብረን እንሂድበት።

የመጀመሪያው «ዘ ሌፐር አፊኒቲ» ነው። ሲጀምር ምንም የለም። ስልኬ ተበላሸ እንዴ ትላላችሁ። ቆይቶ ከሩቅ የሆነ ድምፅ ይመጣል። ቀስ እያለ ይቀርባል። ይቀርባል። በዚህ ጊዜ ድምፁን እንዳትጨምሩ! ጊታሮቹ በአንዴ ሲገቡ ትደነግጣላችሁ። ዘፈኑ መሐል ላይ ረግቦ አኮስቲክ ጊታር፣ ያለ ኤሌክትሪክ የሚመታው፣ ይገባል፤ ከዚያ ተመልሶ ይነሳል። አሥር ደቂቃ ያህል ሲንጣችሁ ከቆየ በኋላ መጨረሻው ላይ ማን ይቀራል? አንድ ፒያኖ። ብቻውን። የመጀመሪያው ዘፈን ነው የምላችሁ። ገና በመግቢያው ላይ ሙዚቃው ምን ሊያደርጋችሁ እንዳሰበ ነግሯችኋል።

ፒያኖውን የተጫወተው ስቲቨን ዊልሰን ነው። እንግሊዛዊ ነው፤ የፖርኩፓይን ትሪ ባንድ መሪ ነበር። ከዚህ በፊት የነበረውን የኦፔዝ አልበም ሰምቶ ወደደው፤ ተገናኙ፤ ለዚህኛው ፕሮዲውሰር፣ ማለትም የቀረጻው መሪ፣ ሆነላቸው። የተቀረጸው ጎተንበርግ ከተማ ፍሬድማን በሚባል ስቱዲዮ ነው። ስቱዲዮው የብዙ የስዊድን ከባድ ባንዶች ቤት ነበር። የዊልሰን ሥራ ጩኸቱን መቀነስ አልነበረም። ቦታ መስጠት ነበር። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚቆምበት ቦታ ሰጠው። በጣም በሚበረታው ሰዓት እንኳ ቤዙ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ጊታር፣ ይሰማችኋል። «ብሊክ» ላይ ደግሞ ራሱም ይዘፍናል። ሁለት ለስላሳ ድምፆች ከመሐል ብቅ ሲሉ ትሰማላችሁ።

ሦስተኛው «ሃርቨስት» ነው። አባቶችና እናቶች፣ እናንተ ከዚህ ብትጀምሩ አልከፋም። ማጓራት የለም። አኮስቲክ ጊታር ነው። ዜማ ነው። ግን ከሁለቱ በኋላ ሲመጣ ሌላ ነገር ነው! አሁን ከሰውነታችሁ ላይ ሸክም የወረደ ይመስላችኋል። ለዚህ ነው ቅደም ተከተል እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ።

አራተኛው ላይ እንቆይ። «ዘ ድሬፐሪ ፎልስ»። አሥር ደቂቃ ከሃምሳ ምናምን ሰከንድ ነው። ለእኔ የአልበሙ ልብ እሱ ነው። በአኮስቲክ ጊታር ይጀምራል። ከላዩ ላይ ሌላ ጊታር ረጅም፣ የሚያለቅስ መስመር ይስባል። ዘፋኙ በለሆሳስ ይገባል። አንድ ደቂቃ ያልፋል። ሁለት ደቂቃ። ሦስት። አያጓራም። ከበድ ይላል፣ ይረግባል፣ አሁንም አያጓራም። እስከ ግማሹ ድረስ ያስጠብቃችኋል። አምስተኛው ደቂቃ አካባቢ ሲደርስ ያ ድምፅ ይመጣል። እስካሁን አምስት ደቂቃ ስለጠበቃችሁ ክብደቱ አምስት ደቂቃ ያህል ነው! ገና ከመጀመሪያው ሰከንድ ቢጮህባችሁ እንዲህ ይሆን ነበር? አይሆንም። ከዚያ ሁሉ በኋላ መጨረሻው ላይ ያ የመጀመሪያው ዜማ ተመልሶ ይመጣል። ያው ዜማ ነው። እናንተ ግን ያው አይደላችሁም።

ምቱ ግራ ያጋባችሁ እንደሆነ አትጨነቁ። ከበሮውን የሚመታው ማርቲን ሎፔዝ፣ ቤዙን የሚይዘው ማርቲን ሜንዴዝ ነው። የሁለቱም የዘር ሐረግ ከኡሩጓይ ይመዘዛል። አብረው ሲጫወቱ የሚተማመኑ ሰዎች መሆናቸው ያስታውቃል። ሙዚቃው አንዳንድ ቦታ ሦስት ሦስት እየተቆጠረ ይሄዳል። የእኛ ችክችካም እኮ ስድስት ነው። ሁለት ጊዜ ሦስት ብላችሁ ብትቆጥሩትም፣ ሦስት ጊዜ ሁለት ብላችሁ ብትቆጥሩትም ይገጥማል። ጭብጨባው በአንዱ፣ ትከሻው በሌላው ሊሄድ ይችላል። ሠርግ ላይ እስክስታ የምትወርድ ልጅ ይህን ማንም አላስተማራትም። ትከሻዋ ያውቀዋል። እናንተም ጣታችሁ ጉልበታችሁ ላይ የሚመታውን እመኑት። መቁጠር የሚወድ ይቁጠር። እኔ እቆጥራለሁ፤ መምህር ነኝ። ግን ግዴታ አይደለም።

«ደርጅ ፎር ኖቬምበር» ቀጥሎ ነው። በብቸኛ ጊታርና በድምፅ ይገባል፣ ይከብዳል፣ ሲያልቅ ረጅም የጊታር ጸጥታ ይተዋል። ቸኩላችሁ ወደሚቀጥለው እንዳትዘሉ።

አሁን የዛሬውን ማስረጃዬን ላምጣ። ስድስተኛው፣ «ዘ ፊውነራል ፖርትሬት»። ሲጀምር አኮስቲክ ጊታር አንድ ሪፍ ይመታል። ሪፍ የምለው ተደጋግሞ የሚመጣውን አጭር የጊታር ሐረግ ነው። አኮስቲኩ ብቻውን ይመታዋል። የገጠር ልጅ ደጅ ላይ ተቀምጦ ቢጫወተው ያምርበታል። ከዚያ ምን ይሆናል? ያንኑ ሪፍ ሙሉ ባንዱ ይቀበለዋል! ያንኑ። ሐረጉ አልተለወጠም። የተለወጠው የሚሸከመው ድምፅ ነው። ለስላሳው ውስጥ ከባዱ ተደብቆ ነበር። ከባዱ ውስጥ ደግሞ ያ ለስላሳ አሁንም አለ፤ አንዴ ስለሰማችሁት ከጆሯችሁ አይወጣም። መግቢያውን ዘሎ ከጩኸቱ የጀመረ ሰው «ጩኸት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ከመግቢያው የጀመረ ሰው ዜማ ይሰማል። ልዩነቱ ጥቂት ሰከንድ መታገሥ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ አሰምቻቸዋለሁ። ዘፈኑን የማይወዱት እንኳ «እሺ፣ ገባኝ» ይላሉ። እኔም ሁሉም ሰው ይውደደው አላልኩም። ይግባቸው ነው ያልኩት።

ሰባተኛው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። «ፓተርንስ ኢን ዘ አይቪ»። ቃል የለውም። ጊታርና ፒያኖ ነው። ትንፋሽ መሰብሰቢያ ነው።

ትንፋሽ መሰብሰቡ ደግሞ ያስፈልጋል። ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው የአልበሙን ስም የያዘው የመጨረሻው ዘፈን ነው። 12 ደቂቃ ነው። እዚህ ላይ ለስላሳው ድምፅ አይዘፍንም። በአልበሙ ሁሉ ሲለዋወጡ የነበሩት ሁለት ድምፆች፣ በመጨረሻው ላይ አንዱ ብቻ ነው የሚቀረው። መሐል ላይ ጊታሮቹ ረግበው ረጅም ጸጥ ያለ ቦታ አለ። እዚያ ላይ «አሁን ያዜማል» ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አያዜምም። ሲመለስ ያው የሚያጓራው ነው። እኔ እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ደረቴን የሆነ ነገር ይጫነኛል። ሰባት ትራክ የሰማ ሰው ብቻ ነው የዚያ ለስላሳ ድምፅ አለመምጣት የሚሰማው። ይህን ዘፈን ብቻውን አውርዶ የሚሰማ ሰው የጎደለውን ነገር አያውቅም።

ወጣቶች፣ ለእናንተ አንድ ነገር ልበል። ሙዚቃ በ15 ሰከንድ እየተቆረጠ የሚመጣበት ጊዜ ላይ ናችሁ። እኔም ስልክ እይዛለሁ፣ ፍረጃ አይደለም። ግን ጆሮ እንደ ጡንቻ ነው፤ ካልሠራ ይሟሽሻል። በወር አንድ ጊዜ አንድ ሙሉ አልበም ስሙ። የግድ ሜታል አይሁን። የድሮ የአማርኛ ካሴት ይሁን። ጃዝ ይሁን። የጎን ሀውን፣ የጎን ለውን ጨርሱት። ያኔ እንዲህ ያለው ከባድ አልበም ሲገጥማችሁ አትሸሹትም።

ከኋላ «ጥያቄ፣ ጥያቄ» የምትሉኝን አይቻችኋለሁ። እሰማችኋለሁ። ግን መጀመሪያ እናዳምጥ። ስለ ሙዚቃ ተወርቶ ሙዚቃ ሳይሰማ መሄድ ነውር ነው። «ዘ ድሬፐሪ ፎልስ»ን ሙሉውን እንከፍተዋለን። ስፒከሮቹ ግራና ቀኝ ናቸው፤ ጥግ ጥግ የተቀመጣችሁ ወደ መሐል ጠጋ በሉ። ስልካችሁን ዝም አስብሉ። ከአጠገባችሁ ያለውን «ምን አለ?» ብላችሁ አትጠይቁት፣ እሱም ይስማበት። ጥያቄውን ሲያልቅ፣ ሻዩን ይዘን እንነጋገርበታለን። ወንድሜ፣ ክፈትልን። ከመጀመሪያው ጀምረው።